መሬት ላይ ለምን እንንከባለላለን?

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በግቢያችን ውስጥ ስለ እኛ የሚወራው ከጆሯችን ደርሷል። «እነዚያ መሬት ላይ የሚንከባለሉት» የሚል ስም ወጥቶልናል። አንዱ ወገን ነጻ ትግል ይለማመዳሉ ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ወንድና ሴት የሚተቃቀፉበት አዲስ ዘዴ ፈልገው ጥበብ የሚል ስም ሰጡት ብሎ ያማናል፤ ሦስተኛው ወገን ደግሞ ጠበል ቢወሰዱ ይሻላቸዋል ባይ ነው። ለሦስተኛው ወገን መልስ የለንም፤ አሳቢነቱን ግን እናመሰግናለን። ለሁለቱ በዚህች መጽሔት መልስ መስጠት የተገባ መስሎ ስለታየን ብዕር አንሥተናል።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግለጽ። ስሙ ኮንታክት ኢምፕሮቪዜሽን ይባላል፤ እኛ ባጭሩ የንክኪ ጭፈራ ብለነዋል። ሁለት ሰዎች ይቀራረባሉ። ከሰውነታቸው አንዱ ቦታ፣ ትከሻ ከትከሻ ወይም ጀርባ ከጀርባ፣ ይገናኛል። ከዚያ አንደኛው ከክብደቱ ጥቂት ለሌላው ይለቃል፤ ሌላውም ተቀብሎ በፈንታው የራሱን ይሰጣል። የተነካኩበት ቦታ አንድ ስፍራ ላይ አይረጋም፤ ከትከሻ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ወገብ እየተንከባለለ ይሄዳል፤ ሰዎቹም እሱን እየተከተሉ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ አንዳንዴም አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተንጋሎ ይታያል። ቀድሞ የተጠና እርምጃ የለም፤ መሪና ተመሪ የለም፤ ብዙ ጊዜ ከበሮም ማሲንቆም የለም። የሚሰማው ትንፋሽና ኮቴ ብቻ ነው። ተመልካች ቢሰለች አንፈርድበትም፤ እኛም ሌሎች ሲሠሩት ቁጭ ብለን ስናይ የምንሰለችበት ጊዜ አለ።

የተጀመረው በአሜሪካን አገር ነው። ስቲቭ ፓክስተን የተባለ ሰው፣ ቀደም ሲል ጂምናስቲክ የሠራ፣ በመርስ ከኒንግሃም የዳንስ ቡድን ውስጥ የቆየና አይኪዶ የሚባለውን የጃፓኖች የትግል ጥበብ የተማረ፣ በጥር 1964 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1972) በኦሃዮ በሚገኘው በኦበርሊን ኮሌጅ ዐሥራ አንድ ወንዶች ሆነው የሠሩትን «ማግኒዝየም» የተባለ ትርኢት አሳየ። ወንዶቹ በፍራሽ ላይ እየተጋጩ፣ እየወደቁና እየተንከባለሉ ቆዩ፤ በመጨረሻም ዝም ብለው ቆሙ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በኒው ዮርክ ከተማ በጆን ዌበር ጋለሪ ወንዶችም ሴቶችም ሆነው ሲሠሩት ሕዝብ እየገባ ተመለከተ። (የፔዳ ግቢያችን የመምህራን አካዳሚ ሆኖ የተመሠረተው በዚያው በፈረንጆች 1972 መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ብናነሣ ማንንም አይጎዳም።)

እኛን የሚያስገርመን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ነገሩ ሲዛመት ያለ በቂ ልምምድ የሚሞክሩት ሰዎች እንዳይጎዱ ሥጋት መጣ። ፓክስተንና ባልንጀሮቹም ስሙን በሕግ አስከብረው ማስተማርን የምስክር ወረቀት ለያዙ ሰዎች ብቻ ለመወሰን አሰቡ፤ ኋላ ግን ተዉት። በቁጥጥሩ ፈንታ በ1975 እ.ኤ.አ. አንዲት ትንሽ የዜና መጽሔት ማውጣት ጀመሩ። እያንዳንዱ የደረሰበትን ይጻፍ፣ ሌላውም አንብቦ ይጠንቀቅ አሉ። «ኮንታክት ኳርተርሊ» የተባለችው መጽሔት ይህችው ናት፤ ናንሲ ስታርክ ስሚዝ ለብዙ ዘመን አዘጋጅታታለች፤ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በወረቀት ወጥታለች። ናንሲ በዚያው ዓመት፣ ፓክስተን በ2024 ዐርፈዋል። ዘበኛ በመቅጠር ፈንታ መጽሔት ያወጡ ሰዎችን፣ በዚህች መጽሔት ላይ የምንጽፍ ሰዎች እንዴት አንወዳቸውም?

የፖሊ ግቢ ወንድሞቻችን ከማንም በፊት ሊወዱት የሚገባ ነገር አለ። ፓክስተን «ትንሿ ጭፈራ» የሚላት ልምምድ ዝም ብሎ መቆም ናት። ዐይናችንን ጨፍነን ጥቂት ደቂቃ ስንቆም ቆመናል ያልነው ውሸት ሆኖ አገኘነው። ቁርጭምጭሚታችን ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ወደ ፊት ዘንበል እንላለን፣ ሰውነታችን ሳንነግረው ይመልሰናል፤ እንደገና ወደ ጎን። ሰው ሳይወድቅ የሚቆመው በየጊዜው በጥቂቱ እየወደቀ ነው ማለት ነው። ስለ ስበት ማእከል በክፍል ውስጥ ተምረን ተፈትነንበታል፤ በራሳችን ሆድ ውስጥ እንዳለ ያወቅነው ግን ያን ቀን ነው። አወዳደቅም እንዲሁ ነው። በአንድ ጉልበት ወይም በአንድ መዳፍ የወደቀ ይሰበራል፤ በጭን፣ በጎንና በጀርባ ተራ በተራ እየተንከባለለ የወደቀ ግን ምቱ በሰፊ ቦታና በረዘመ ጊዜ ስለሚከፋፈል ተነሥቶ ይሄዳል።

«የፈረንጅ ነገር ነው፤ እስክስታ እያለልን ምን አመጣብን?» የሚሉንም አሉ። እኛ እስክስታን ተዉ ያልነው መቼ ነው? ይልቅስ እስክስታን በደንብ ያየ ሰው ነገራችን ቶሎ ይገባዋል። ጎጃሜው ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ሳይነካኩ፣ እሱ በትከሻው የጠየቃትን እሷ በአንገቷ ትመልሳለች፤ መልሱንም ከቤቷ አስባ አልመጣችም። በአዝማሪ ቤት አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር አዝማሪው በዚያው ቅጽበት ተቀብሎ በማሲንቆው ይመልሳል። መቀበል የሚለው ቃል በእኛ አገር የጨዋታ ሕግ ነው። እንዲያውም በግእዝ «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ ማለት ነበር፤ ዛሬ አፋችን ወስዶት ለድምፅ ብቻ አደረግነው።

ክብደት መቀበልንም ከኦሃዮ አልተማርነውም። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ይመስክር። ከደንገል በታሠረች ታንኳ ላይ ሁለተኛ ሰው ሲሳፈር የፊተኛው ዞሮ ሳያይ ወገቡን ያስተካክላል፤ ካላስተካከለ ሁለቱም ውኃ ውስጥ ናቸው። በገጠር በሽተኛ በቃሬዛ ሲሄድ ተሸካሚዎቹ ትከሻ የሚለዋወጡበትን ያየ ያውቃል። መንገዱ ቁልቁል ሲሆን የፊተኞቹ ዕዳ ይከብዳል፣ የኋለኞቹ ያንን ከእንጨቱ ይሰሙታል፤ ደከመኝ የሚል የለም፤ አንድ ትከሻ ከጎን ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፣ በሽተኛው አይነቃነቅም። ይሁን እንጂ ቃሬዛ ተሸካሚዎች ይህን ጭፈራ ፈጠሩ ብለን አናወራም። የሰውን ሥራ የእኛ ነበር ማለት በአገራችን የተለመደ ሕመም ነው፤ እኛ ከእሱ እንድንድን እንፈልጋለን።

ሌላው ክስ «ጥናት የሌለው ነገር ማንም ይሠራዋል» የሚል ነው። ይህን የሚለን የጎጃም ልጅ ሲሆን በጣም እንገረማለን። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ በምን ታወቁ? በቅኔ አይደለምን? ባለቅኔው ትናንት የተቀኘውን ዛሬ አይደግምም፤ በየዕለቱ አዲስ ይጠበቅበታል፤ ነገር ግን ቤት መምታቱን፣ ልኩን፣ ሰሙንና ወርቁን ለማወቅ ስንት ዓመት በቆሎ ትምህርት ቤት ደጅ ይጠናል! ድንገት የሚመጣ ነገር ከሁሉ የበለጠ ዝግጅት የሚጠይቅ ነው። እኛ ገና ፊደል ቆጣሪዎች ነን፤ ጉልበታችን ላይ ያሉት ሰንበሮች ይመሰክራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ክስ እንምጣ፤ ወንድና ሴት ስለ መነካካታቸው። እዚህ ላይ ሐሜተኞቻችን ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ብንል እንዋሻለን። ይህ ጭፈራ በተስፋፋባቸው አገሮች ጥበቡን ሽፋን አድርገው ያልተፈቀደላቸውን የሚነኩ ወንዶች እንዳሉ ሴቶች ተናግረዋል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ቡድኖች የሥነ ሥርዐት ደንብ ጽፈው በየመግቢያው ለጥፈዋል። ጥበብ ነው ማለት ብቻውን ማንንም ከባለጌነት አያድንም። ስለዚህ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ከንቱው መድኃኒቱ ነው። መድኃኒታቸው ሴቶቹ ይቅሩ የሚል ነውና።

እንጠይቃችሁ፤ ሴት ልጅ በአገራችን ሳትጠየቅ የማትነካው የት ነው? ከፋሲሎ ወደ ፔዳ በባጃጅ ሦስት ሆነን ከኋላ ስንታጨቅ ማን ፈቃድ ይጠይቃታል? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እኮ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ የተሰረዘው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው በአዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ከሕግ መጽሐፍ ወጣ ማለት ግን ከሰው ክንድ ወጣ ማለት አይደለም።

እኛ ልምምዱን የጀመርነው ከእምቢታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሸከምም መንከባለልም አልነበረም። አንዱ ይቀርባል፤ ሌላው፣ ካልፈለገ፣ ገሸሽ ይላል። ምክንያት አይሰጥም፤ ይቅርታ አይጠይቅም፤ የቀረበውም ፊቱን አያጠቁርም። ቀላል ይመስላል። ከመካከላችን ያሉ ወንዶች ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ከፋቸው፤ አንዱ እንዲያውም «እኔ ምን አድርጌ?» ብሎ ወጥቶ ሄደ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ከእኅቶቻችን አንዷ ስትናገር፣ በዕድሜዋ ለወንድ እምቢ ብላ ለምን ተብላ ያልተጠየቀችው ያን ዕለት ብቻ እንደሆነ ነገረችን። ዝም አልን። ሃያ ዓመት ያለፋት ሰው ናት። ይህን ነው እንግዲህ መተቃቀፍ የሚሉብን።

ሌላም ምክንያት አለን፤ ይህን ስንጽፍ ብዕራችን ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በተነሡት ግጭቶች ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደየመጡበት ተመለሱ። በነሐሴ 2015 ባሕር ዳር የሰዓት እላፊ ታውጆባት በጊዜ በራችንን ስንዘጋ የከረምን ሰዎች አለን። ከዚያ ወዲህ ሰውነታችን የራሱን ትምህርት ተምሯል። በር ድንገት ሲመታ ትከሻችን ወደ ጆሯችን ይወጣል፤ በዶርም ውስጥ አዲስ ልጅ ሲመደብ ከስሙ ቀጥሎ የምንጠይቀው ከየት መጣህ ነው፤ መልሱን እስኪነግረንም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

ከእኛ ጋር የሚለማመድ ከሩቅ የመጣ አንድ ወንድም አለን። አማርኛው ጥቂት ነው፤ የእኛ ሰው የሱን ቋንቋ ጨርሶ አያውቅም። ከአንደኛው ልጃችን ጋር ጀርባ ለጀርባ ተደግፈው ቁጭ ብድግ ሲሉ መጀመሪያ ሁለቱም ክብደታቸውን ሰስተው ያዙ፤ ሁለቱም ወደቁ። ከወደቁም በኋላ ሳቁ። በአራተኛው ጊዜ ተነሡ። ጀርባ ለጀርባ በመደጋገፍ የአገር ችግር ይፈታል የሚል ሞኝ ከመካከላችን የለም፤ ከሳቁም በኋላ በፖለቲካ ሲከራከሩ ሰምተናቸዋል፤ አልተስማሙም። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ክብደት በኪሎ ያህል ያውቀዋል። የሚያውቁትን ክብደት መግፋት ከማያውቁት ይልቅ ይከብዳል ብለን እናስባለን፤ ተሳስተን ከሆነ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።

ይህ ዐይነት ሥራ በአገራችን ፍጹም አዲስ አለመሆኑንም እንንገራችሁ። በአዲስ አበባ ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጎዳና ልጆች ጋር በሠራው ሥራ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተመሠረተ። ከዚያ ከወጡት አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ ለ2004–05 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ ፕሮግራም ተመርጦ በጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ተምሯል፤ ከአዲሱ ደምሴ ጋር ሆኖም ዴስቲኖ የተባለውን ቡድን አቋቁሟል። ካንዱኮ የተባለውን የእንግሊዝ ቡድን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚንም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከአዱኛ ዳንሰኞችና ከአካል ጉዳተኞች ጋር ሠርቷል። በክራንች የሚሄድ ሰው ክብደት አሰጣጥን ከእኛ ይልቅ ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲለማመደው ኖሯልና። በግቢያችን ያሉ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ስለዚህ በእንግድነት ሳይሆን በአስተማሪነት እንዲመጡልን እንለምናለን።

አዳራሽ እንዲፈቀድልን ለሚመለከተው ክፍል ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገብተናል። በመጀመሪያው ጊዜ «የክበቡ ዓላማ ግልጽ አይደለም» ተባልን። ዓላማውን በሁለት ገጽ ጽፈን ስንመለስ ማመልከቻው ጠፍቷል ተባልን። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ዳር በሣር ላይ እንሠራለን፤ ሣሩ ይበቃናል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው አይፈቅድም። የተማሪዎች ኅብረት ይህን ጉዳይ በስማችን እንዲይዝልን በዚህች ጽሑፍ እንጠይቃለን፤ ፍራሽ አልጠየቅንም፣ ገንዘብ አልጠየቅንም፣ የምንጠይቀው ጣራ ነው።

ለማየት ወይም ለመሞከር የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይምጣ። ጫማ አያስፈልግም። ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ቀለበትና የአንገት ሐብል ይውለቅ፤ የእጅ ጥፍር ይቆረጥ፤ ረዥም ጠጉር ይታሠር። ኪስም ባዶ ይሁን፤ ባለፈው ሳምንት በአንድ ወንድማችን ኪስ የቀረ የዶርም ቁልፍ የሁለት ሰዎችን ጎን ወግቷል።