መርፌው በተዘጋ በር አይገባም

ከመካነ ሰላም እስከ ወግዲና ከለላ ባለው የወሎ ደጋ፣ በቀኝ ጎኑ ከጎድን አጥንት ሥር የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው «ጨጓራ ነው» የሚል ቃል ነው። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይባላል። ትኩሳት ሲጨመርበት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ እዚያም ሴፍትራያክሶን የተባለው መርፌ ይጀመርለታል።

የመድኃኒቱ ምርጫ ያለ ምክንያት አይደለም። ከሴፍትራያክሶን ከ33 እስከ 67 በመቶ የሚሆነው በሽንት ይወጣል፤ የቀረው በጉበት በኩል ከሐሞት ጋር ይፈስሳል። 1 ግራም በደም ሥር ከተሰጠ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ ሲለካ፣ በደም ውስጥ በሚሊ ሊትር 62 ማይክሮ ግራም ገደማ፣ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ባለው ሐሞት ደግሞ 581 ተገኝቷል። ከ9 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ቱቦው ክፍት ከሆነ ነው። ሐሞት ወደ ከረጢቱ የሚገባው በአንዲት ቀጭን ቱቦ ነው። ጠጠር ከዘጋት አዲስ ሐሞት አይገባም፤ መድኃኒቱም አብሮ ደጅ ይቀራል። እርግጥ በደም በኩል የከረጢቱን ግድግዳ ያገኘዋል፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም እንዳይዛመትም ይረዳል። ስለዚህ መርፌው አይቅር። ውስጥ ለታቆረው ሐሞት ግን በቂ መጠን አይደርስም። ዋናው የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ደግሞ ጉበት ራሱ መድኃኒቱን ወደ ሐሞት መላክ ያቅተዋል።

እንግዲህ መርፌ ፋታ ይሰጣል እንጂ በሩን አይከፍትም። የሚከፍተው ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ወይም የታቆረውን ማፍሰስ ነው። ትኩሳቱ በረደ ተብሎ ወደ ቤት የተሸኘ ታካሚ ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል፤ ሕመሙ ሲያገረሽበት ደግሞ ያው መርፌ ይደገምለታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሴፍትራያክሶንን በጥንቃቄ ሊሰጡ ከሚገባቸው አንቲባዮቲኮች ጎራ መድቦታል፤ በየምክንያቱ ሲሰጥ ባክቴሪያው ይለምደዋልና።

«ድሃ ገበሬ ደሴ ድረስ በምን አቅሙ?» የሚለው ጥያቄ እውነት አለው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ክፍት ሆኖ የሚገኝበት ቀን አይታወቅም። ቀድሞ መላክ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ከረጢቱ ከበሰበሰ በኋላ የሚጀመር ጉዞ ወጪውም አደጋውም ይብሳል። መርፌው በተጀመረ ዕለት አልትራሳውንድ ይታዘዝ። አስታማሚም «ስንት መርፌ ቀረው?» ከማለቱ በፊት «ቱቦው ተዘግቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።