ጎማው ስለ ምን ተነፈሰ?

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የቢሲክሌቱ የኋላ ጎማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነፈሰበት። ሁለቱን ቀን ቢሮ አርፍዶ ስለ ገባ አለቃው፥ «ሌላ ሰበብ ፈልግ» አሉት። ስለዚህ ደመወዝ ሲወጣ አዲስ ጎማ ለመግዛት ቆርጦ፥ የትኛው እንደሚሻል ሊጠይቀን መጣ። እኛ ግን አስቀድሞ የተበሳውን የውስጥ ጎማ እንዲያሳየን ለመንነው፤ ቀዳዳው ራሱ ምስክር ነውና።

የውስጡ ጎማ ተነፍቶ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀዳዳው በአረፋው ይታወቃል። እባብ የነደፈው ይመስል ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን የታዩ እንደ ሆነ፥ ጥፋቱ የነፋስ ማነስ ነው፤ የላላ ጎማ ጉድጓድ ሲያገኘው ቸርኬው የውስጡን ጎማ ከመንገዱ ጋር አጣብቆ ይበሳዋልና። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው በኩል ከሆነ፥ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ጥብጣብ ከቦታው ተንሸራቶ ይሆናል። በመንገዱ በኩል አንድ ብቻ ከሆነ ግን እሾህ፥ ምስማር ወይም የጠርሙስ ስባሪ ነው።

የወዳጃችን ሦስት ልጥፎች ሁሉም በመንገዱ በኩል፥ አንዱ ካንዱ አጠገብ ነበሩ። ይህ በአጋጣሚ አይሆንም። የውጩን ጎማ ገልብጠን በጥጥ ብንዳብሰው (በጣት መዳበስ ያደማል) ጥጡ አንድ ቦታ ላይ ተያዘ፤ የተሰበረ የግራር እሾህ ኖሯል! በወረንጦ ነቀልነው። ጎሚስታው ሦስት ጊዜ ለጥፎ ሦስት ጊዜ ሲያስከፍል የውጩን ጎማ አንድ ጊዜ እንኳ አልዳበሰም።

ልጥፉንም ማስቲሹ ሳይደርቅ የሚያጣብቅ ብዙ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፥ ማስቲሹን ቀብቶ፥ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ ከዚያ መጫን ይገባል።

ጎማው በእውነት ያረጀበት ሰው ቢኖር፥ ሹካው የሚያስገባለት ከሆነ ከ23 ሚሊሜትር ይልቅ ባለ 28ቱን ይግዛ፤ ሰፊው ጎማ በአነስተኛ ግፊት ስለሚሄድ ኮረኮንች ላይ ይመቻል። አስፋልት ላይ ለስላሳ ጎማ ያንሸራትታል የሚባለው ብዙም እውነት የለውም። የነጂው ክብደት ይበልጡን የሚያርፈው ከኋላ ስለ ሆነ ቶሎ የሚያልቀው የኋላው ነው፤ አዲሱ ግን ከፊት ይግባ፥ የፊት ጎማ ሲፈነዳ ሰውን ይጥላልና። የግፊቱ ልክ በጎማው ጎን ተጽፏል። የውስጥ ጎማ ሳይበሳም ነፋሱ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ፥ በየሳምንቱ መለካት ያስፈልጋል።

ወዳጃችን በደመወዙ ቀን ጎማ አልገዛም። በማግስቱ ያየነው መንፊያ ከቢሲክሌቱ ጋር ታስሮ ነው።