ፍርድን የሚያዘገየው በከንቱ ያለፈ ቀጠሮ ነው

በሪያድ መሐል የሚገኘው የሙረባዕ ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ነው። ንጉሥ አብዱልዓዚዝ እ.ኤ.አ. በ1938 ወደዚህ ግቢ ከገቡ በኋላ እንግዶችንና ባለጉዳዮችን ይቀበሉበት ነበር። በዚያ ዘመን አቤቱታ ከአቤት ባዩ አፍ ወደ ሰሚው ጆሮ ይደርስ ነበር። ዛሬ ግን ከተማይቱ ሚሊዮኖችን ይዛለች፤ አቤቱታም በመዝገብ፣ በመጥሪያና በቀጠሮ ይጓዛል። ጉዞው ለምን እንደሚረዝም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ብዙዎች ምክንያቱ የዳኞች ማነስ ነው ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው፤ ሙሉው መልስ ግን አይደለም። መጥሪያው ለተከሳሹ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ሰነድ ሳይቀርብ ወይም አስተርጓሚ ሳይገኝ ችሎት ከተበተነ ዳኛ ቢጨመርም የሚጨመረው ቀጠሮ ብቻ ነው። ሕጉ በአንቀጽ ተለይቶ ባልተጻፈበት ዘመን ደግሞ ተከራካሪዎች ውጤቱን አስቀድመው መገመት ስለማይችሉ ከመስማማት ይልቅ እስከ ይግባኝ መሟገትን ይመርጡ ነበር።

መንግሥቱ ይህን ለማረም ረጅም መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. የ2007 የዳኝነት ሕግ የፍርድ ቤቶችን አደረጃጀት አደሰ። በ2018 የሠራተኛና የአሠሪ ክርክር ከሚኒስቴር ኮሚቴዎች ወጥቶ ወደ ሠራተኛ ፍርድ ቤቶች ተዛወረ። የማስረጃ ሕግ በ2022፣ ከ700 በላይ አንቀጾች ያሉት የፍትሐ ብሔር ግንኙነቶች ሕግ ደግሞ በታኅሣሥ 2023 ሥራ ላይ ዋሉ። ናጅዝ የተባለው መድረክም ክስ ማቅረብን ከቤት የሚፈጸም ሥራ አድርጎታል።

ይሁንና መዘግየት ለሁሉም እኩል አይከብድም። ደመወዙ የተያዘበት ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዱ ቀን ይቆጥርበታል፤ የቤት ኪራይ ይጠብቀዋል፤ ከአገር ቤትም ቤተሰብ እጁን ያያል። ባለዕዳው ግን በየቀጠሮው ጊዜ ያተርፋል። በመጨረሻም ሠራተኛው ተስፋ ቆርጦ ግማሹን ተቀብሎ ይሄዳል። ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ እንደጻፉት በሚታወቀው የዳኝነት ደብዳቤ፣ ማስረጃ አለኝ ለሚል ወገን የተወሰነ ጊዜ እንዲሰጠው መታዘዙ በምክንያት ነው፤ ወሰን የሌለው ቀጠሮ ለአንዱ ወገን ማድላት ነውና።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል። አስተርጓሚ ችሎቱ ሲጀመር ሳይሆን መዝገቡ ሲከፈት ይመደብ። በአንድ ወገን ጥያቄ የሚደጋገም ቀጠሮ ወሰን ይበጅለት። የአንድ ጉዳይ ዕድሜም ፍርዱ በተነበበበት ቀን ሳይሆን ገንዘቡ በባለመብቱ እጅ በገባበት ቀን ይለካ።

አንባቢም የድርሻውን ይወጣ። የሥራ ውሉንና የባንክ መግለጫውን ይያዝ። በአብሽር የተመዘገበው የስልክ ቁጥር የራሱ መሆኑን ያረጋግጥ፤ በዚያ የሚደርሰው መልእክት መጥሪያ ነውና። ጉዳዩን በቅድሚያ ለማስማሚያው ክፍል ያቅርብ፤ ስምምነት ከታጣ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የሥራ ግንኙነቱ ካበቃ ከ12 ወራት በኋላ የሚቀርብ ክስ ግን በመርሕ ተቀባይነት የለውም። ፍርድ ቤት እንዳይዘገይ የሚጠይቅ ሰው እርሱም መዘግየት የለበትም።