ካላዛርና ትንሿ አር ኤን ኤ፦ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት አይናቅም

ክረምቱ ወጥቶ የፎገራ ሜዳ ውኃ መጉደል ሲጀምር ከወረታ እስከ አንበሳሜ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ትኩሳት ይዟቸው የሚመጡ ሰዎች ይበዛሉ። አብዛኛው ሰው ወባ ነው ብሎ ያስባል፤ ብዙ ጊዜም ወባ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን የወባ መድኃኒት ተወስዶም ስለማይለቅ ትኩሳት ነው። ስሙ ካላዛር ይባላል። ይህ በሽታ ሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ደግሞ በቅርቡ የዓለምን ትኩረት ከሳበች አንዲት በጣም ትንሽ ነገር ጋር መተዋወቅ ይኖርብናል።

በመጀመሪያ ታሪኩን እናስታውስ። ካላዛር በአገራችን ሰሜን ምዕራብ ለረጅም ጊዜ ሲታወቅ የኖረው በሁመራና በመተማ ቆላ ነው። በግንቦት 1997 ዓ.ም ግን በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ በወረርሽኝ መልክ ታየ፤ ከዚያ በፊት በአካባቢው የታወቁት ሕሙማን ጥቂት ነበሩ። ወደ ፎገራ ወረዳም ተዛመተ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን ከተማ በከፈቱት የሕክምና ማዕከል እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም የታከሙት ሰዎች መዝገብ እንደሚያሳየው ከመቶ 78 ያህሉ ወንዶች ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመት ያልበለጡ ነበሩ። ሕክምና ካገኙት መካከል የሞቱት ከመቶ 4 ያህል ናቸው። ካላዛር ሳይታከም ሲቀር ግን ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑትን ሕሙማን ይገድላል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በጊዜ መመርመርና መታከም ነው።

አሁን ወደ ትንሿ ነገር እንመለስ። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ የዘር መመሪያችን በዲ ኤን ኤ ተጽፎ ተቀምጧል። የጉበት ሕዋስም የዓይን ሕዋስም የያዙት መመሪያ አንድ ነው። ታዲያ ጉበቱ ጉበት፣ ዓይኑ ዓይን የሆነው በምን ምክንያት ነው? ልዩነቱ ያለው ከመመሪያው ውስጥ የትኛው እንደሚነበብና የትኛው ዝም እንደሚል በመወሰኑ ላይ ነው። አንድ ዘረመል ሥራ ሲጀምር መልእክቱ መልእክተኛ አር ኤን ኤ በሚባል ቅጂ ይገለበጣል። ቅጂው ይነበብና በእርሱ መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ሰውነታችንን የሚገነቡትም የሚያንቀሳቅሱትም እነዚህ ፕሮቲኖች ናቸው።

ማይክሮ አር ኤን ኤ የምትባለው ቁራጭ ግን ርዝመቷ 22 ፊደል ገደማ ብቻ ሲሆን የራሷ የሆነ ፕሮቲን አታሠራም። ሥራዋ ሌላ ነው። ከእርሷ ፊደላት ጋር የሚገጥም ፊደል ያለውን መልእክተኛ አር ኤን ኤ ፈልጋ ትለጠፍበታለች። የተለጠፈችበት ቅጂ ወይ ሳይነበብ ይቀራል፣ ወይ ቶሎ ይፈርሳል። በዚህም የሚሠራው ፕሮቲን መጠን ይቀንሳል።

ይህ ለሩዝ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ማሳው ውኃ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የቦዩን አፍ ከፍቶ የተወ ሰው ቡቃያውን ያጠፋል። መክፈቱ ሥራ እንደሆነ ሁሉ በጊዜው መዝጋቱም ሥራ ነው። ትንሿ አር ኤን ኤ በሕዋሱ ውስጥ የቦዩን አፍ እየጠበበች ሁሉም ነገር በመጠኑ እንዲፈስ ታደርጋለች።

ይህን አሠራር መጀመሪያ ያገኙት ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ግኝታቸውን እ.አ.አ በ1993 ያሳተሙት ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር በሆነች ትል ላይ ባደረጉት ጥናት ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎች የዚያች ትል ጉዳይ ብቻ አድርገው ተመለከቱት። ዛሬ ግን በሰው ልጅ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ የማይክሮ አር ኤን ኤ ዓይነቶች እንዳሉ ይታወቃል። ሁለቱ ሳይንቲስቶችም በመስከረም 2017 ዓ.ም የሕክምና የኖቤል ሽልማት አሸናፊ መሆናቸው ተገልጿል።

ይህ ከፎገራ ካላዛር ጋር ምን ያገናኘዋል? ማይክሮ አር ኤን ኤ ስትፈጠር ረዘም ያለች ናት። ዳይሰር የሚባል ፕሮቲን እንደ መቀስ ሆኖ በልኳ ይቆርጣታል። መቀሱ ከሌለ አብዛኞቹ ትንንሽ አር ኤን ኤዎች ለሥራ አይደርሱም። እ.አ.አ በ2013 የሕንድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የካላዛር ጥገኛ ተሕዋስ በአይጦች ጉበት ውስጥ ዒላማ የሚያደርገው ይህንኑ መቀስ መሆኑን አሳይተዋል። ተሕዋሱ ከላዩ ላይ ባለ አንድ ፕሮቲን ዳይሰርን ይቆራርጠዋል። መቀሱ ሲጠፋ በጉበት ውስጥ በብዛት የምትገኘውና የቅባት አሠራሩን የምትቆጣጠረው ማይክሮ አር ኤን ኤ 122 ትቀንሳለች። በደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮልም ይወርዳል፤ ለተሕዋሱም ይመቸዋል። ተመራማሪዎቹ የጎደለችውን ማይክሮ አር ኤን ኤ ሲመልሱላቸው የአይጦቹ ኮሌስትሮል ከፍ አለ፤ በጉበታቸው ውስጥ ያለው የተሕዋስ ብዛትም ቀነሰ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ጥናት በልኩ መያዝ ያስፈልጋል። ጥናቱ የተደረገው በአይጦች ላይ ነው። ከእርሱ ተነሥቶ ለካላዛር ሕሙማን የተዘጋጀ መድኃኒት በጤና ተቋሞቻችን የለም። ስለዚህ «ዘረመል የሚያስተካክል» ተብሎ የሚሸጥልዎ ነገር ካለ ገንዘብዎን አያውጡ። ከጥናቱ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ። ካላዛር ትኩሳት ብቻ አይደለም። ተሕዋሱ በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ውስጥ ተቀምጦ ሰውነት ራሱን የሚያስተዳድርበትን ሥርዓት ያዛባል። በእረፍት፣ በጥሩ ምግብ ወይም በጸበል ብቻ እስኪሻል እንጠብቅ የምንለው በሽታ ያልሆነው ለዚህ ነው። ጸሎትዎን ሳይተዉ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ክብደትዎ ከቀነሰ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ከጠፋ፣ ከግራ የጎድን አጥንትዎ ሥር ጣፊያዎ አብጦ ሆድዎ ከተነፋ፣ ወይም ነስር ካስቸገረዎ ስለ ካላዛር ይጠይቁ። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወይም ሁመራ ሄደው የተመለሱ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ። ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ የሚታወቅ ምርመራ አለ። ውጤቱ ነፃ ነዎት ቢል፣ ምልክቱ ግን ካልተወዎ ተመልሰው ይምጡ፤ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ተወስዶ ሊታይ ይችላል። ያበጠ ጣፊያን ማስበጣትና ማስተኮስ ግን አደገኛ ነው። ካላዛር ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ትንሽ ቁስል ብዙ ሊያደማ ይችላል።

የተለመደው ሕክምና በየቀኑ ለ17 ቀናት የሚሰጥ የሁለት መድኃኒቶች መርፌ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ኤች አይ ቪ በደምዎ ውስጥ ካለ የሚሰጠው መድኃኒት ስለሚለይ አስቀድመው መመርመርዎ ይጠቅማል። በአሥረኛው ቀን ትኩሳቱ ስለለቀቀ ብቻ ሕክምናውን አቋርጠው ወደ አጨዳ አይመለሱ። በሽታው ሊያገረሽ ይችላል፤ ሲያገረሽም ሕክምናው ይከብዳል።

ካላዛር አብሮ በመብላት ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። የሚያስተላልፈው ከምሽት ጀምሮ የሚናከስ የአሸዋ ዝንብ የሚባል ደቂቅ ነፍሳት ነው። በወረርሽኙ ወቅት በአካባቢው የተደረገ ጥናት ሌሊት ደጅ፣ በግራር ዛፍ ሥር የሚተኙ ሰዎች ይበልጥ ይያዙ እንደነበር አሳይቷል። ማሳ ወይም ከብት ሲጠብቁ ካደሩ አጎበር ይዘው ይውጡ። ዝንቧ ተሕዋሱን ከታመመ ሰው ወስዳ ለጤነኛው ስለምታደርስ የታመመውን ፈጥኖ ማሳከም ጎረቤትንም መጠበቅ ነው።

የሚመለከታቸው አካላትም ድርሻ አላቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። ይሁን እንጂ ከአንበሳሜ ገጠር የሚነሣ አቅመ ደካማ ሕመምተኛ እዚያ ለመድረስ ብዙ ይደክማል፤ ቀንም ያልፍበታል። የጣት ደም ምርመራው ትኩሳት በሚበዛባቸው ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ሳይቋረጥ መገኘት አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም የወባ ምርመራው ነፃ የሆነን ወይም የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለውን ሰው «ሂድና ጠብቅ» ብለው ከመሸኘት ጣፊያውን ዳስሰው ቢልኩት ሕይወት ያድናሉ።

እርስዎም ዛሬ አንድ ነገር ያድርጉ። በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ከጀመረው ስንት ቀን እንደሆነው ይጠይቁት። ሁለት ሳምንት ካለፈው ነገ ጠዋት ይዘውት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።