ከወሊድ በኋላ የሚዘነጋው ዓይን

ከእርግዝና በፊት የስኳር ሕመም የነበረባት ሴት የሬቲና ጉዳቷ በእርግዝና ወቅት ሊባባስ ይችላል (በእርግዝና ብቻ የሚከሠተው ስኳር ከዚህ ይለያል)። ሥጋቱ በወሊድ አያበቃም፤ እስከ 1 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። አራሷ ግን ሐሳቧ ሁሉ ከሕፃኑ ላይ ነው፤ ዓይኗንም ስለማያማት ሐኪም አትፈልግም። ሌዘር ደግሞ የቀረውን እይታ ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን እምብዛም አይመልስም።

በኢትዮጵያ ያችው እናት ልጇን ለማስከተብ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ኋላም በ9ኛው ወር ጤና ጣቢያ ትመጣለች። የዓይን ምርመራ ቀጠሮዋ በልጁ የክትባት ካርድ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ ይህ ከቀለም በቀር ወጪ የለውም። ከባዱ ቀጣዩ ነው፦ የሬቲና ሐኪም የሚገኘው በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ነው፤ ሌዘሩም ብዙ ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል። ለምታጠባ እናት ሪፈር የሚጽፍ ባለሙያ የማደሪያዋን ነገር አብሮ ሊጠይቅ ይገባል።