የኤችአር ማስተርስ ልትጀምሩ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አስቡበት

ቅዳሜ ጠዋት ከአየር ጤና በጦር ኃይሎች አድርጎ ሜክሲኮ በሚገባው ታክሲ የሚሳፈረው ሁሉ ገበያ የሚሄድ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ በዊኬንድ ማስተርስ የሚማርም አለበት። ብዙ ወጣት ሠራተኛ ከሚያስባቸው ትምህርቶች አንዱ የሰው ኃብት አስተዳደር ነው፣ በተለመደው አጠራር ኤችአር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚቀጥር፣ የሚከፍልና ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል። ትምህርቱም ከሥራ ጎን ይሄዳል፤ ሰንጋ ተራ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ የምንለው፣ በዚህ ዘርፍ ማስተርስ ያስተምራል። የግል ተቋማትም አሉ። ጥያቄው ወረቀቱ ከተያዘ በኋላ ምን ይከተላል የሚለው ነው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዲግሪ ምሩቅ መነሻ 11,500 ብር ሆኗል። በአዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ (1395/2017) ከዚህ ላይ 2,100 ብር ግብር ይሄዳል። 7 በመቶ ጡረታ ደግሞ 805 ብር ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው ማለት ነው። የቤት ኪራይና ታክሲ ከዚሁ ይወጣል። በግል ድርጅት ለሚሠራው ደግሞ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢናገርም እስካሁን ዝቅተኛው ወለል አልተወሰነም። ስለዚህ የሁለት ዓመት ክፍያ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ዘመኑ ወረቀትን ብቻ የሚያምንበት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። ማስተርስ ለመግባትም ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የምንለው፣ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹንና አመራሮቹን በብቃት ምዘና ሲያስፈትን ብዙዎቹ የማለፊያ ነጥብ አላገኙም። ከተፈተኑት ውስጥ ዲግሪ ያለው ጥቂት እንዳልነበር መገመት አይከብድም። መልእክቱ አንድ ነው፤ ዲግሪው በር ያስገባል፣ ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላው ነገር ምንድነው? ለኤችአር ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ሕጉን ማወቅ። አዋጅ 1156/2011ን እንውሰድ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፣ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ። አባት 3 ተከታታይ ቀን ያገኛል። በሳምንት ዕረፍት ቀን ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው የመደበኛ ሰዓቱ እጥፍ፣ በበዓል ደግሞ ሁለት ከግማሽ እጥፍ ይከፈለዋል።

እነዚህ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላሉ። ግን አንድ የኤችአር ሠራተኛ «ስድስት ወር ሙከራ ላይ ነሽ» ብሎ ካስፈረመ፣ የተጎዳችው ልጅ ሕጉን አታውቅ ይሆናል። እሱ ግን ማወቅ ነበረበት። የኤችአር ዕውቀት ሲጎድል ኪሱ የሚጎድለው ሠራተኛው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎችን ስታዩ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ አንድ የኤችአር አሠራር በሠራተኛ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ የእንትን ባንክ ሁኔታ። መጠይቅ ይበተናል፣ ቁጥር ይሰላል፣ ይመረቃል። አየር ጤና መናኸሪያ ዙሪያ ግን ጋራዡ፣ ምግብ ቤቱ፣ የግል ትምህርት ቤቱ ሰው ይቀጥራሉ። ብዙዎቹ ኤችአር የሚባል ክፍል የላቸውም፣ ውሉም ብዙ ጊዜ የቃል ነው። ይህንን የሚያጠና ተማሪ ቢገኝ ለራሱም ለሰፈሩም ይጠቅም ነበር።

ታዲያ አትማሩ ነው? አይደለም። ኤችአር ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርታችሁ ወደ ኃላፊነት መውጣት ለምትፈልጉ ማስተርሱ ትርጉም አለው። የምትማሩትን ሰኞ ቢሮ ላይ ትሞክሩታላችሁ። ዘርፉን ገና ለመቀላቀል ለምታስቡ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ። መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ማስተርሱ።

ከመመዝገባችሁ በፊት፦

👉 ተቋሙም ፕሮግራሙም ፈቃድ እንዳላቸው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋር አረጋግጡ። የዩኒቨርሲቲው ስም ፈቃድ ስላለው ብቻ እያንዳንዱ ቅርንጫፍና ፕሮግራም ፈቃድ አለው ማለት አይደለም።

👉 የምትመኙትን የሥራ ቦታ ማስታወቂያ አሥር ያህል ሰብስባችሁ አንብቡ። ማስተርስ የሚጠይቀው ስንቱ ነው? የሥራ ልምድ የሚጠይቀውስ?

👉 አዋጅ 1156ን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። የመንግሥት ሥራ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ አዲሱን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ 1353/2017ን። ለዚህ የምዝገባ ክፍያ የለም።

👉 አለቃችሁን በግልጽ ጠይቁ፦ ማስተርሱን ስጨርስ ደረጃዬ ወይም ደመወዜ ይቀየራል? መልሱ «እናያለን» ከሆነ፣ እንደ አይ ቁጠሩት።

ኤችአር ላይ የምትሠሩ፣ ማስተርሱ በእውነት ምን ቀየረላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ለመመዝገብ እያመነታ ያለው ጓደኛችሁ ያነበዋል።