ጋፋት ላይ የጎደለው መድፍ አልነበረም

ስለ ቴክኖሎጂ ሲወራ ደብረ ታቦር ቀድማ የምትጠራው ስም አላት፦ ጋፋት። ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያሠሩት ከከተማዋ አጠገብ ባለችው በዚያች መንደር ነው። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። የጋፋት ሥራ ግን ከንጉሡ ጋር አበቃ። መሣሪያ ተሠራ፤ ሙያውን ከዓመት ዓመት የሚያሸጋግር ተቋም ግን አልተተከለም።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍሎች የሚያሰጋው ይኸው ነው። "ቤተ ሙከራ አላችሁ?" ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ ቁጥር ነው፦ ይህን ያህል ኮምፒውተር፣ ይህን ያህል ጂፒኤስ። መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት ምን ተለካ? ካቻምናስ? መዝገቡ የት አለ?

ለደቡብ ጎንደር ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። ሁለቱም ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲገባ የፋርጣ ገበሬ ማሳ አፈር በእነዚህ ወንዞች ይወርዳል፤ ላይ ያለው ገበሬ መሬቱ ይሳሳበታል፣ ታች ያለው በጎርፍ ይጠቃል። ከ200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እንዲይዝ የተሠራው የርብ ግድብም ዕድሜው የሚወሰነው በሚገባበት ደለል መጠን ነው። ስንት ቶን እንደሚገባ ለማወቅ መለካት ያስፈልጋል፤ ያውም ለአንድ ክረምት ሳይሆን ለሃያ ክረምት።

"ሳተላይት አለ አይደል?" የሚል አይጠፋም። አለ፤ የላንድሳት ምስል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይገኛል፣ ኪውጂአይኤስም ያለ ክፍያ ይጫናል። ነገር ግን አፈሩ የሚሄደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጉና በደመና ይሸፈናል። የላንድሳት ካሜራ ደመና አልፎ አያይም። የደፈረሰ ውኃ ውስጥ ስንት ግራም አፈር እንዳለ የሚታወቀው ወንዙ ዳር ቆሞ ውኃውን በቀዳ ሰው ነው።

ይህ እንደሚቻል በዚሁ ክልል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 ወሎ ማይባር ላይ የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድና በጎጃም አንጀኒ ቀጥሏል። ዋናው መሣሪያ የዝናብ መለኪያ፣ ወንዙ ውስጥ የቆመ የከፍታ መለኪያ፣ ጠርሙስ፣ ማጣሪያ ወረቀት፣ ማድረቂያና ሚዛን ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚወጣ፣ እዚያው የሚኖር ሠራተኛ ደግሞ ነበረ። ተመራማሪዎች ያን መዝገብ ዛሬም ይጠቀሙበታል።

ይህ ማለት ዘመናዊ መሣሪያ አይገዛ ማለት አይደለም። ድሮንም የአፈር መመርመሪያም ያስፈልጋል። ግን ለግዥ በጀት የሚገኘውን ያህል ለመለዋወጫ፣ ለኬሚካልና ለቴክኒሻን ደመወዝ ካልተገኘ፣ ዕቃው ዋስትናው ከሣጥኑ ሳይወጣ ያልቃል። ተመራቂ ተማሪም በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ ለመመረቂያ ጽሑፉ የለካው ቁጥር ከጥራዙ ጋር መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ነገሩን አክብዶታል፤ የመስክ መኪና እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ይህም ቢሆን የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ መንገድ ሲዘጋ ልኬቱ እንዳይቋረጥ ከተፈለገ ለኪው የቀበሌው ሰው መሆን አለበት። ሠልጥኖ፣ በወር በወሩ እየተከፈለው።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች በሚቀጥለው የበጀት ጥያቄያቸው ከኮምፒውተሩ በፊት ሦስት ነገር ያስቀድሙ፦ አንድ ቋሚ ቴክኒሻን፣ አንድ ወንዝ፣ ለማንም ክፍት የሆነ አንድ መዝገብ። ጉና በየክረምቱ አፈሩን እየላከ ነው። የሚመዘግብለት ነው ያጣው።